ሳይጮህ የተፈታው ማሰሪያ

አንዲት ሴት አብራት የምትሠራውን ሴት ሰላም ማለት ከተወች ዓመታት አልፈው ነበር።

በአንድ ግቢ ይሠራሉ። በአንድ በር ይገባሉ። እሁድ በአንድ ጉባኤ ይዘምራሉ። ያቺ በቀኝ ከተቀመጠች ይቺ በግራ ትቀመጣለች። ያቺ ስትጸልይ ይቺ "አሜን" የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ሳቃችሁ? ሳቁ። እዚህም ውስጥ ማን የት እንዳለች አይታ ቦታዋን የመረጠች አለች። እኔ አላያትም፤ ጌታ ያያታል።

ቂሟ ምንድን ነው? መሬት ተቀማች? ባሏን ነጠቀቻት? የለም። አንድ ንግግር ነው። በሰው ፊት የተነገረ አንድ ንግግር።

ሥራቸው ለልጆች እግር ነው። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚወለድ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጀሶ እየታሰረ፣ እየተፈታ፣ እየታሰረ ቀስ በቀስ ይቃናል። ከተቃና በኋላ ደግሞ ተመልሶ እንዳይዞር ሲተኛ የሚያደርገው ጫማ አለ፤ ሁለቱ ጫማ መሀሉ ላይ በብረት የተያያዘ። እነዚህ ሴቶች የዚያን ጫማ ማሰሪያ ነው የሚሠሩት።

ማሰሪያው ቬልክሮ ነው። ታውቁታላችሁ፤ የልጆቻችሁ ጫማና ቦርሳ ላይ ያለው፣ ስትገነጥሉት "ጭርርር" የሚለው። አንዱ ወገኑ ሸካራ ነው፤ ጥቃቅን መንጠቆ ነው። ሌላው ወገኑ ለስላሳ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሁሉም የክር ቀለበት ነው፣ ልል ልል ያለ ቀለበት። መንጠቆው ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፤ ይይዛል። በቃ። ሌላ ተአምር የለውም።

ሸካራውን ይገዙታል። ለስላሳው ግን ከገበያ ጠፋ። የግቢው ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ሴትዮዋን ጠሩና "አንቺ የሹራብ ሰው ነሽ፤ እስቲ አንድ ነገር ፍጠሪልን" አሏት።

የሹራብ ሰው ናት፣ እውነት ነው። የተማሪ ሹራብ ስትሠራ ማሽን ላይ ያረጀች ናት። አሰበች፤ ሞከረች፤ የሠራችውን ተረተረች፤ እንደገና ጀመረች። አንዱ ክር ለመደቡ፣ ሌላው ክር ለቀለበቱ እያለች ንድፉን ከራሷ አወጣች። ይሄንን ንቃችሁ አትለፉት። ማንም አላስተማራትም።

ግን የሹራብ ሰው ወጣ ያለ ክር አይወድም። ሹራብ ላይ ክር ብድግ ካለ ነውር ነው። በመርፌ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በካውያ ይደፈጠጣል። እጇ ይሄንን ለምዷል። ስለዚህ ልል መሆን የነበረበትን ቀለበት ጥብቅ አድርጋ ሠራችው። ከማሽን ሲወጣ ደግሞ እዚህም እዚያም ብድግ ብድግ ያለውን ክር አየችና አፈረችበት። በእንፋሎት ካውያ ተኮሰችው። ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚያበራ ጨርቅ ሆነላት። አጣጥፋ ይዛው መጣች።

ማሰሪያውን የምትሰፋው ሴት አመለወርቅ ትባላለች። ምላሷ አያርፍላትም። ሁሉም ለምሳ በተሰበሰበበት ጨርቁን ተቀበለች፤ ሸካራውን ለጠፈችበት፤ በአንድ ጣት አነሳችው።

"እንዴ! ሸሚዝ መሰለሽ እንዴ የተኮስሽው?" አለች። "ይሄ ለሰርግ ይሆናል እንጂ ለእግር አይሆንም። ካውያውን ተይው እቴ! ምኑን ይያዝ?"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ወልዴ እንኳ ጉርሻው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

ሴትዮዋ ምን ሰማች? "ካውያውን ተይው" የሚለውን ሰማች? አልሰማችም። ሳቁን ነው የሰማችው። እንደኛው።

"ጨርቄ ደህና ነው፤ የምትሰፋው ናት የማታውቀው" አለች። ሰላምታ በዚያው አበቃ። ጨርቋን ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች፤ አመለወርቅ መጥታ ታነሳለች። ቃል የለም። አመለወርቅ ሁለት ሦስቴ ልታናግራት መጣች፤ ፊቷን አዞረችባት።

ጨርቁስ? ጨርቁ ማሰሪያ ሆኖ ወጣ። አንድም ሰው ቅሬታ ይዞ አልመጣም። ጋሽ ወልዴም የወጣው ማሰሪያ መያዙን አዩና ዝም አሉ። ዓመት አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ሴትዮዋ ለጎረቤቷ ሁሉ "ይኸው! ማን ተመለሰ? ማን አይይዝም አለ?" ትላለች። ይባስ ብላ በጸሎቷ አስገባችው። "ጌታ ሆይ፣ እውነቴን በጠላቴ ፊት ስለገለጥክልኝ አመሰግንሃለሁ።" እንዲህ ብላ ነው የምትጸልየው! ጌታ ዝም ብሎ ሰማት።

አንድ ጊዜ አመለወርቅ ዓይኗን ልትታከም ከሥራ ቀረች። በቦታዋ ሌላ ሴት ተተካች። የተተካችው ሴት የተሰጣትን ጨርቅ፣ እንደተሰጣት ሰፋችው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወደ ግቢው ገባች። ታፈሱ ትባላለች፤ ልጅቷ ኤፍራታ።

"እትዬ፣ ይሄን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?"

"ጨርቁን እኔ ነኝ። ምን ሆነ?"

"የልጄ እግር ተመልሶ ዞረብኝ። የክሊኒኩ ሲስተር 'ጫማውን አታደርጊላትም፤ ሰነፍ እናት ነሽ' አለችኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ! እኔ አንድም ቀን ሳላደርግላት አስተኝቻት አላውቅም፣ እትዬ። ጠዋት ሳያት ግን እግሯ ከጫማው ወጥቶ ነው የማገኘው። ባሌ እንኳ 'እውነቷን ነው፣ አንቺ እንቅልፋም ነሽ' አለኝ።"

ሴትዮዋ ምን መለሰች? "ልጅቷ ፈታችው ይሆናል" አለች። "ወይ ደግሞ አንቺ አላጠበቅሽውም። ይሄ ጨርቅ ስንት ዓመት የሠራ ጨርቅ ነው!"

አያችሁ? እሷም ያቺን እናት ሰነፍ አለቻት።

ታፈሱ አልተቆጣችም። ልጇን አውርዳ ጫማውን አደረገችላትና "እስቲ እርስዎ በእጅዎ ያጥብቁት" አለች። ሴትዮዋ አጠበቀችው፤ በመዳፏም ጫን ጫን አደረገችው። ኤፍራታ እግሯን አንዴ ሳብ አደረገች።

ማሰሪያው ተፈታ። "ጭርርር" አላለም። ምንም አላለም። እንደ ወረቀት ብድግ አለ።

የያዘ ነገር ሲለቅ ይጮኻል፣ ወገኖቼ። ዝም ብሎ የሚለቀው መጀመሪያም ያልያዘው ነው።

ሴትዮዋ ግን ግትር ናት። ልጆች አድገውባቸው ከተመለሱት አሮጌ ጫማዎች አንዱን፣ አመለወርቅ የሰፋችውን አነሳች። "ይኸው፣ ይሄም የእኔ ጨርቅ ነው፤ ተመልከቺ!" ብላ ማሰሪያውን ሳበችው። ጭርርር! በግድ ነው የተላቀቀላት። ፊቷ በራ። ከዚያ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

መንጠቆው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የእሷ ጨርቅ አልነበረም። በላዩ ሌላ ቁራጭ ተደርቦበታል፤ ከአሮጌ ስኒከር የተፈታ፣ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ የተሰፋ፣ ማሰሪያው ሲዘጋ የማይታይ። ሌላ ጫማ አነሳች፤ ጥቁር ቁራጭ። ሌላ አነሳች፤ ከልጅ ቦርሳ የወጣ ቀይ ቁራጭ። ያነሳችው ሁሉ እንዲሁ ነው።

አመለወርቅ ከልባሽ ተራ አሮጌ ጫማና ቦርሳ እየለቀመች፣ ለስላሳውን ወገን እየፈታች፣ በእሷ ጨርቅ ላይ ስትደርብ ነው የኖረችው። ሴትዮዋ "እውነቴ ተገለጠ" እያለች የተመካችበት ሁሉ፣ ምስጋና ያቀረበችበት ሁሉ፣ የዚያች ሰላም የማትላት ሴት ድርብ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች። መሬት ግን አትከፈትም፣ እናቶች። ቆመሽ ነው የምታፍሪው።

ሴትዮዋ ወደ አመለወርቅ ቤት ሄደች። አመለወርቅ ዓይኗ ታሽጎ ተቀምጣለች።

"ማነው?" አለች።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመች። ተመልሳ መሄድ ትችል ነበር፤ አታያትም እኮ! "እኔ ነኝ" አለች።

"ውይ! ድምፅሽን ረስቼው ነበር" አለች አመለወርቅ። "ግቢ፣ በር ላይ አትገተሪ።"

"ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?"

"ነገርኩሽ እኮ! በሰው ፊት ማለቴ ጥፋት ነው፤ ምላሴ ነው። ደግሜ ልነግርሽ ስመጣ ፊትሽን አዞርሽ። ታዲያ ምን ላድርግ? እያባረርኩ ልንገርሽ?"

"እና ለምን ሸፈንሽልኝ?"

"ለአንቺ መሰለሽ?" አለች አመለወርቅ። "እየረገምኩሽ ነው የሰፋሁት! ልጆቹ ምን አደረጉኝ?"

ያን ጊዜ ሴትዮዋ የኤፍራታን እግርና የእናቷን ውርደት ነገረቻት። አመለወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጥፋቱ እኔንም ነካኝ" አለች። "ለተተካችው ሴት አንድ ቃል ሳልነግራት ሄድኩ። አንቺ እንድትዋረጂልኝ ብዬም እንደሆን እንጃ።" ከዚያ ፊቷን ወደ ልቅሶው ድምፅ አዞረች። "በይ እኔ ዘንድ ተቀምጠሽ አታልቅሺ። ያቺን እናት ሰነፍ ያሏት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አታጪውም።"

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እኛ እዚህ ስንመጣ ተተኩሰን ነው የምንመጣው። "እንዴት ነሽ?" "ጌታ ይመስገን፣ ደህና።" የወጣ ክር የለም። ባሏ የተዋት ደህና ናት። ልጇ የጠፋባት ደህና ናት። ለቅሶ ላይ እንኳ ደህና ነን። ታዲያ ቃሉ ሲመጣ ምኑን ይያዝ? ስንት ዓመት ስብከት ሰማችሁ? ስንቱ ያዛችሁ? በሩ ጋ ስትደርሱ ብድግ ይላል። ድምፅ እንኳ የለውም።

አንቺም "እኔ ትክክል ነኝ፤ ይኸው ቤቴ ቆሟል" የምትይው፣ ማን ደርቦልሽ እንደቆመ አይተሻል? ገልብጠሽ አይተሽዋል? ምራትሽ ትሆናለች። ሠራተኛሽ ትሆናለች። ስሟ ሲጠራ ፊትሽን የምታዞሪባት ያቺው ሴት ትሆናለች፤ እየረገመችሽም ቢሆን የደረበችልሽ። ዝምታዋን ምስክር አድርገሽ ስንት ዓመት ተመካሽበት? አላፈርሽም? እኔ ይሄን ስናገር እናንተ ጎረቤቶቻችሁን አትዩ። የራሳችሁን ገልብጡ።

ሴትዮዋ ምን አደረገች? ካውያውን ተወች። መደቡን አጠበቀች፤ ቀለበቱን አላላች፤ ከማሽን ሲወጣ በብሩሽ ብድግ ብድግ አደረገችው። ክሩ ሲቆም ባየች ቁጥር እጇ ልጫነው ልጫነው ይላታል። ተወችው። ያለ ድርብ የተሰፉትንም ማሰሪያዎች ከጋሽ ወልዴ ጋር ቤት ለቤት ዞረው ሰበሰቡ። ይሄ ግን ሥራ ነው፤ ሥራውን ማንም ያደርገዋል።

በቀጠሮው ቀን ከታፈሱ ጋር ክሊኒክ ሄደች። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚውን ሞልተውታል። ሲስተሯ በሩ ላይ ወጥታ "ኤፍራታ!" ብላ ስትጣራ፣ ሴትዮዋ ወደ ውስጥ አልገባችም። እዚያው መሀል ቆመች።

"ስሙኝ" አለች። "ይቺ እናት ሰነፍ አይደለችም። አስራላታለች። የለቀቀው የእኔ ጨርቅ ነው። አይይዝም ብላ የነገረችኝ ሴት ነበረች፤ በሰው ፊት ስለነገረችኝ ተቀየምኳት፤ እውነት መሆኑን ግን አንድ ቀን በእጄ ሳብ አድርጌ አላየሁም። የልጅቷን እግር ያዞረው የእኔ ቂም ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሲስተሯ አቀርቅራ "ታፈሱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች።

ታፈሱ "ይቅር ብያችኋለሁ" አላለችም። ለሴትዮዋ ልጇን ዘረጋችላትና "ይያዙልኝ" አለች።

ኤፍራታ እንደገና ጀሶ ሲገባላት ሴትዮዋ ናት የያዘቻት። እግሯ ሲታጠፍ፣ ሲቃና፣ ልጅቷ ስትጮኽ፣ በጥፍሯ አንገቷን ስትቧጭራት። ጀሶው እስኪደርቅ አልለቀቀቻትም።

እናንተም፣ እህቶቼ፣ ሄዳችሁ ጥፋታችሁን ከተናገራችሁ በኋላ "ተገላገልኩ" ብላችሁ ወዲያው ወደ ቤታችሁ አትሩጡ። ቁጭ በሉ። የጎዳችሁት ሰው ጮኾ እስኪያበቃ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።