ሰባት ጊዜ ሲጫኑት ብቅ የሚለው አህያ

አንድ የሶፍትዌር ሠሪዎች ቡድን ነበር። አምስት ሆነው ለሆስፒታሎች የደም መፈለጊያ ፕሮግራም ይሠራሉ። ነርሷ የደሙን ዓይነት ጽፋ «ፈልግ» የሚለውን ስትጫን፣ ደሙ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ወዲያው ይነግራታል።

እነዚህ ሰዎች «ጋሽ ዳልቻ» የሚሉት ከጨርቅ የተሰፋ አህያ ነበራቸው። ሥራ ያበላሸ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ዳልቻን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ?» እያለ እጅ ይነሳዋል። ሥራቸው አድካሚ ስለነበር ሳቁ ይበጃቸው ነበር። በዚህስ ማን ይቀየማቸዋል?

አንድ ቀን ከሁሉም ቀልደኛ የሆነው ናኦድ ጋሽ ዳልቻን ፕሮግራሙ ውስጥ ደበቀው። «ፈልግ» የሚለውን ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከተጫኑት፣ አህያው ስክሪኑን ሞልቶ ይወጣና እያናፋ ይጨፍራል። አለቃቸው ሰናይት አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ሆስፒታል ውስጥ ቢወጣስ?» አለችው።

«ኧረ በሞቴ ሰኒዬ! ጤነኛ ሰው አንድን ነገር ሰባት ጊዜ ይጫናል እንዴ?»

አምስቱም ተሳሳቁና ተዉት።

ከአራት ወር በኋላ በአንድ ሆስፒታል አንዲት ወላድ ደም ይፈስሳት ጀመር። ነርሷ የደሟን ዓይነት ጽፋ «ፈልግ»ን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ዘገየ። ደግማ ተጫነች። ደጋግማ፣ ደጋግማ ተጫነች። ያኔ አህያው ወጣ፤ አናፋ፤ ጨፈረ። ነርሷ ጮኸች። ቫይረስ መስሏት ኮምፒውተሩን አጠፋችው። እንደገና እስኪነሳ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ደሙ የነበረው እዚያው ጎን ካለው ክፍል ነው። ይዘውት ሮጠው ሲደርሱ ሴትዮዋ አርፋለች፤ ሕፃኗ ብቻ ተረፈች። ሐኪሞቹ ስድስቱ ደቂቃ ያድናት ነበር ብለው አይምሉም። አያድናትም ነበር ብሎ የሚምልም ግን አልተገኘም።

በሳምንቱ የሟቿ ባል አቶ ሽብሩ ወደ አምስቱ ሠሪዎች ቢሮ መጡ። ሁሉም ይጮኹብናል ብለው ተሸማቅቀው ቆሙ። ሰውየው አልጮኹም።

«ልጆቼ፣ ያን ዕለት ነርሷ አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ» አሉ። «ቀልድ ነው አሉኝ። የቱ ጋ እንደሚያስቅ ግን አልገባኝም። እስቲ አሳዩኝ።»

ናኦድ በድንጋጤ ክው አለ። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ አልችልም።»

«እኔ አይቼው የለም ወይ? አንተም እየው።»

ተጫነው። አህያው ወጥቶ እያናፋ ጨፈረ። አቶ ሽብሩ እስከ መጨረሻው አይተው፣ «ሰባት ጊዜ የሚጫነው ማን መስሎህ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«የሚጫወት ሰው መስሎኝ ነበር።»

«የጨነቀው ሰው ነው፣ ልጄ» አሉትና ሕፃኗን ወዳስቀመጡባት ጎረቤት ሄዱ።

እኔ ይህን ስሰማ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። ከአምስቱ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ስቀው አለፉት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ወዳጆቼ፣ በቢሯችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ሳቁ፤ ሳቅ ኃጢአት የለበትም። ሰው ተማምኖ በሚሄድበት መንገድ ላይ ግን ቀልድ አትደብቁ። የሚያገኘው ሰው በምን ሰዓት እንደሚያገኘው አታውቁምና።

እርስዎስ፣ «ማንም አይነካውም» ብለው የተዉት ነገር የት ነው ያለው?