ከበሮው የሚያውቀው መንገድ

ተረቴን ላምጣ? አምጣ በሉኝ! ውሸት ከበዛበት ግማሹን ለጎረቤት ስጡ።

ድሮ፣ ደጉ ዘመን፣ አንድ ረግረግ ነበረ። ጥልቀቱ! ያኔ የሰጠመች ትንኝ እስካሁን እየወረደች ነው። አራዊት ተባብረው መሻገሪያ ድንጋይ ደረደሩበት፣ ለምለሙ ሣር ያለው ከማዶ ነዋ። ድንጋዮቹን ግን ቄጠማ ስለሸፈናቸው ዳር ላይ ከበሮ ሰቀሉ። የመጣ ሁሉ ይመታዋል፤ ከበሮውም «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ!» ይላል። ድንጋይ ማንሳት ለማንም ተፈቅዷል፤ ያነሳ ግን ለከበሮው ይነግራል።

ጦጢት መሐል ያለውን የግራ ድንጋይ ወደ ቀኝ አዛወረችው።

«ለከበሮው ንገሪው» አላት አያ ጃርት።

«ነገ።»

በነጋታው «ንገሪው እንጂ!»

«ኧረ ተወኝ አያ ጃርት!»

በሦስተኛው ቀን «ንገሪው ብዬሻለሁ!»

«ሁላችንም እናውቀው የለ? ለማን ብዬ?»

ከሩቅ አገር አንዲት አህያ መጣች። ከበሮውን መታች። «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ!» ቀኝ ረገጠች፤ ግራ ስትል እስከ ጆሮዋ ጠለቀች። እንደምንም ወጥታ ድንጋዩን በቀኝ ዳሰሰችው። ከዚያ ተመልሳ ከበሮውን በኮቴዋ መታች፦ «ከበሮዬ፣ ግራው ቀርቷል፤ ሰጥሜበታለሁ። ቀኝ በል።»

ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና በሳቅ ሞተች። «ጉድ በሉ! አህያ መምህር ሆነች!»

«ሳቂ እቴ። ከኋላዬ የሚመጣ አለ።»

ክረምት ገባ፣ ውሃው ሞላ። ጦጢት ልጇን አዝላ ስትሮጥ መጣች፤ ነብር ከኋላዋ! ረግረጉ ዳር ቆማ ጭንቅላቷን ያዘች። «ያንን ድንጋይ… ያነሳሁት እኔው… ወዴት ነበር?» ጠፋባት። ከበሮውን ደበደበችው።

«ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ!» አለ ከበሮው። «አህያ ናት የነገረችኝ።»

ዘለለች፣ ዘለለች፣ ዘለለች፣ ተሻገረች። ነብር ግን ከበሮ መጠየቅ ውርደት መሰለው። ዘሎ ሰጠመ፤ ጢሙ ብቻ ውሃው ላይ ቀረ።

ማዶ አህያ ሣሯን ትግጣለች።

«እትዬ አህያ፣ መዥገርሽን ልልቀምልሽ?»

«መዥገሩ ይቆይ። በሌላ መሻገሪያስ ያነሳሽው ድንጋይ አለ?»

ጦጢት ራሷን አከከች። «አንድ… ሁለት… ሦስት ቢሆን ነው።»

«በይ ውሃው ሲጎድል ሄደሽ ለየከበሮው ንገሪ!»

ነገረች። ከዚያ ወዲያ ያነሳም ተናገረ፣ የሰጠመም ተናገረ፤ ጥጃ እንኳ ብቻውን ይሻገር ነበር። አይ ያ ዘመን! ዛሬ እኛ ሰፈር መንገድ ብትጠይቁ «ዝም ብለህ ሂድ» ነው መልሱ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። መንገድ የቀየራችሁ፣ ለሚመጣው ንገሩ።