ቀጥ ብላ የገባችው አመልካች

ሰው ወገቡን አጥፎ እጅ ካልነሳቸው ሰላም የተባሉ የማይመስላቸው አንድ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። የነጻ ትምህርት ዕድል የሚፈቅዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ፊዚዮቴራፒ ለመማር ያመለከተች የአናጢ ልጅ ቢሯቸው ተጠራች። ስትገባ የመምሪያ ኃላፊዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ሰላምታ ሰጠች።

ነገሩ ዳይሬክተሩን ከነከናቸው። "የሰው ልጅ ሐኪም ልሁን፣ መሐንዲስ ልሁን ይላል፤ አንቺ የሰው ወገብ ማሸት አማረሽ! ለመሆኑ ማን ሥራ ይሰጥሻል? አጥጋቢ መልስ ከሌለሽ ዕድሉን ለሌላ ነው የምሰጠው" አሏት።

ልጅቷ ዞር ብላ የጎበጡትን ኃላፊዎች አየቻቸው።

"አይስጉ ክቡርነትዎ" አለች፤ "እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ እስካሉ ድረስ፣ ወገብ የሚያቃና ሰው ሥራ አያጣም።"