የግራዝማች አስታጥቄ ደም

አንድ ቀን ግራዝማች አስታጥቄ ለሳሙና ሲሉ ጣታቸውን አስወጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሩ ሰው ምን ምን ዓይነት ደም እንዳለው የሚያጠኑ የጤና ሰዎች ከሆስፒታል ተልከው ወደ መንዝ ወጥተው ነበር። የሰውን ጣት በመርፌ ጠቅ ያደርጉና ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ይቀበላሉ፤ ለተወጋው ሰው ደግሞ ስለ ድካሙ አንድ አንድ ሳሙና ያድላሉ። ግራዝማች መጀመሪያ ላይ «የእኔ ደም የሚታወቀው በአባቶቼ ስም ነው እንጂ በመርፌ አይደለም!» ብለው ተቆጡ። ሳሙና እንዳለ ሲሰሙ ግን ቁጣቸው በረደ። እንዲያውም በማግስቱ ጋቢ ለውጠው፣ እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ያልተወጋውን ጣት ይዘው ተመልሰው መጡ።

መርፌውን የያዘው ንጋቱ የሚባል ወጣት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሽማግሌውን በጋቢያቸው ባያውቃቸው በሳላቸው ያውቃቸዋል። ሆኖም እንዳላወቀ ሆኖ ሁለተኛዋንም ሳሙና ሰጣቸው፤ ምክንያቱንም እንደርስበታለን።

«እህሳ፣ የእኔ ደም ምን ተባለ?» አሉ ግራዝማች፣ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«የእርስዎ ኤቢ የሚሉት ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ዘንድ አይገኝም።»

«አላልኳችሁም!»

«ይህ ደም ያለው ሰው ቢታመም የማንኛውም ሰው ደም ይስማማዋል፣ ከሁሉም መቀበል ይችላል። መስጠት የሚችለው ግን ለመሰሉ ብቻ ነው።»

«ከሁሉ ይቀበላል፣ ለማንም አይሰጥም በለና!» አለ አንዱ ከሰልፉ ኋላ። «ይህንንማ እኛ ያለ መርፌም እናውቀው ነበር!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ግን ቅር አላላቸውም። «የጌታ ደም እንዲህ ነው» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ፤ «ግብር ይቀበላል እንጂ አይገብርም። ለመሆኑ ያንተስ ምንድን ነው?» አሉት ወደ ንጋቱ ዞረው።

«የእኔ ኦ ነው። ለሁሉም ይሰጣል፣ የሚቀበለው ግን ከመሰሉ ብቻ ነው።»

«የገባር ደም!» ብለው ሳሙናቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ሄዱ።

ስድቡ ንጋቱን አልወጋውም። ልቡ ያለው ሌላ ዘንድ ነበርና። የግራዝማች አንድያ ልጅ አሰለፈች ጣቷን ስትሰጠው ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ፊቷን አላዞረችም፤ መርፌውንም እሱንም ትክ ብላ አይታ «ይኸው ነው? በከንቱ ነዋ ስፈራ የሰነበትኩት!» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ የእሷን የደም ዓይነት ደጋግሞ ማረጋገጥ አስፈለገው። ጥናት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመንደሩ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲወጋ እሷ በየሳምንቱ ተወጋች፤ ጣቷ እስኪያልቅ ጥናቱ ሊያልቅ አልቻለም።

በመጨረሻ ንጋቱ ሽማግሌ ላከ። ግራዝማች ደግሞ ልጃቸውን ማሳው ከማሳቸው ለሚዋሰን ለአንድ ባላምባራስ ለመስጠት አስበው ነበር። ሰውየው ሚስት ቀብሯል፣ ጥርሱም አልቋል፤ ማሳው ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ገና ሳይቀመጡ «ልጁ የማን ልጅ ነው? ይቆጠርልኝ!» አሏቸው።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አለቃ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንጋቱ ወልዴ… ወልዴ ተክሌ…» ብለው ቆሙ። ልጁ አባትና እናቱን በሕፃንነቱ አጥቶ አክስቱ ያሳደገችው ነው። ከዚያ በላይ የነገረው የለም።

«አለቀ?» አሉ ግራዝማች። «በሁለት አባት ነው የሰው ደጃፍ የሚጠናው? እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬ ስጨርስ ገና መጀመሬ ነው! የዚህ ልጅ ደም ከእኔ ደም ጋር አይገጥምም። ከሚደባለቅ ሞቴን እመርጣለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ከእሳቸው ቤት የጠጡት ውሃ እንኳ የለም፤ እንደ ደረቁ ተመለሱ። አሰለፈች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ንጋቱም ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደም ሲመረምር የራሱ ሲፈላ ሰነበተ።

ሰው በአፉ የተመኘውን አንዳንዴ ያገኛል። የግራዝማች በቅሎ የኮርቻዋ ጠፍር ተበጥሶ ነበር። አዲስ ከማስበጀት ብለው በአሮጌ ገመድ ቋጠሩት፤ ገመዱም ቁልቁለት መሃል ላይ ኮርቻውንና ባለቤቱን ለቀቀ። አወዳደቃቸው ጉቶ ላይ ሆነና ጭናቸው ተዘነጠለ። በቃሬዛ ሆስፒታል ሲደርሱ ፊታቸው ነጥቶ፣ ቃሬዛውም በደም ርሶ ነበር።

ዘመድ ተሰበሰበ። ከየአምባው፣ ከየወንዙ ማዶ፣ ያ በሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘር ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሆስፒታሉን ግቢ ሞላው። ሐኪሙ ወጣና «ደም ካላገኙ አይነጋላቸውም» አለ። «ደግነቱ የማንም ደም ይስማማቸዋል። ማን ይስጥ?»

አሰለፈች ክንዷን ገልጣ ከሁሉ ቀደመች። ነገር ግን ከታይፎይድ ገና ማገገሟ ነበርና ሐኪሙ መለሳት። ሌላው ዘመድ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አንዱ ጠበል ላይ ነኝ አለ። አንዱ ጾም ነው አለ። አንዱ ደሜ ቀጭን ነው አለ፤ አንገቱ ግን የወይፈን አንገት ነበር። ባላምባራሱ «በቅሎዬን ብቅ ብዬ ልያት» ብሎ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያያት ነው። ያ ሁሉ ዘር በአንድ በር እየሾለከ አለቀና በአግዳሚው ላይ አሰለፈች ብቻዋን ቀረች።

ያኔ ንጋቱ ከላቦራቶሪው ወጣ። የራሱን ደም ከግራዝማች ደም ከተጣራ ውሃ ጋር በመስታወት ላይ አደባልቆ አምጥቶ ነበር። ሐኪሙ ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየው። የማይስማማ ደም እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ ይህ ግን ለስልሶ አንድ ሆኖ ተኝቷል።

«ይገጥማል» አለ ሐኪሙ።

ግራዝማች አልጋው ላይ ሆነው ዓይናቸውን በግድ ገለጡ። «የማን… የማን ደም ነው?»

«የገባር ደም ነው፣ ግራዝማች» አለ ንጋቱ እጅጌውን እየጠቀለለ። «ከሚደባለቅ ሞቴን እመርጣለሁ ብለዋል አሉ። እኔ በሰው ምርጫ አልገባም። ካልፈለጉ መርፌውን ልመልሰው።»

«አንተ ልጅ፣ ነገር አታብዛ!» አሉ ሽማግሌው በቀረቻቸው ትንፋሽ። «ክንዴ ይኸው!»

ግራዝማች ዳኑ። ደም ፊታቸው ላይ ተመለሰ፤ ጉልበታቸውም ተመለሰ፤ ተንኮላቸውማ ቀድሞ ነበር የተመለሰው። በከዘራ እየተደገፉ ቤታቸው ከገቡ በኋላ አለቃ ፈለቀ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንደገና ደጅ ጠኑ። ይህ ሰው ከእንግዲህ ምን ሊል ይችላል ብለው ነበር የሄዱት። ግራዝማችም ከወትሯቸው በተለየ ፈገግ ብለው ተቀበሏቸውና «ልጁስ? ውጭ ቆሟል አይደል? ይግባ እንጂ!» አሉ። ንጋቱ ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። አሰለፈች ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

«ንጋቱ ልጄ» ብለው ጀመሩ፤ «ሕይወቴን አትርፈሃል፤ ውለታህ አይካድም። ጥያቄህን ግን አልጋ ላይ ተኝቼ ሳወጣው ሳወርደው ከረምኩ። ያንተ ደም አሁን በእኔ ውስጥ ነው። አይደለም?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«የእኔ ደም ደግሞ በአሰለፈች ውስጥ ነው። አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲህ ምን ቀረ? አንድ ደም ሆናችሁ! እህትህ ናት!» ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በአባቶቻችን ሥርዓት ሰባት ቤት ያልራቀ አይጋባም። እናንተ አንድ ቤት እንኳ አልራቃችሁም። እኔ ብወድም ሥርዓቱ አይወድም፤ ምን ላድርግ? እርስዎ ይፍረዱ እንጂ፣ አለቃ!»

አለቃ ፈለቀ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «በቱቦ የገባ ደም ዘመድ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አላየሁም» አሉ። «አያደርግም የሚልም አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመጋረጃው ኋላ የታፈነ ልቅሶ ተሰማ። ንጋቱ ያንን ልቅሶ እየሰማ ቀስ ብሎ ሄዶ ከግራዝማች ፊት ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባቴ!» አለ። «እኔ እኮ አባት የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ዛሬ በሽማግሌ ፊት ልጄ አሉኝ። ከእንግዲህ ሰባት ቤት ቁጠር ብባል የሚያቅተኝ የለም፤ የእርስዎን አባቶች እቆጥራለሁ። አለቃ፣ እናንተም አባቶቼ፣ ምስክሬ ናችሁ፤ አሰለፈች እህቴ ናት፣ ግራዝማችም አባቴ ናቸው።» ከዚያ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ማሳው አየት አደረገ። «እንግዲህ በአባቶቻችን ሥርዓት የአባት አጽመ ርስት ለልጆቹ እኩል ነው። ገመድ ጥለን ስንካፈል ለእኔ የላይኛው ማሳ ይሁንልኝ ወይስ የወንዝ ዳሩ?»



«ይህማ ሥርዓቱ ነው» አሉ አለቃ ፈለቀ፣ አሁን መጽሐፍ ሳያስፈልጋቸው። ሌሎቹም ሽማግሌዎች «ሥርዓቱ ነው፣ ሥርዓቱ ነው» እያሉ ጢማቸውን ነቀነቁ።

የግራዝማች ፊት ያን ቀን በቃሬዛ ሲመጡ እንደነበረው ነጥቶ ነበር። ወደ ማሳው አዩ፣ ወደ ልጁ አዩ፣ ወደ ማሳው ደግመው አዩ። ሰባት ቤት አባቶቻቸውን እየጠሩ ስለ ደም ክብር ዕድሜ ልካቸውን ሲምሉ የኖሩት ሰው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው የምታወራው አንተ ልጅ? በአንድ ጠርሙስ ዝምድና የት ያለ ነው? ያቺ ደምህማ ያኔውኑ በላብም በሽንትም ብላ ወጥታ አልቃለች! ደም ምንድን ነው? ቀይ ውሃ አይደለም እንዴ! አንቺ አሰለፈች፣ ነይ ውጪ፣ ባልሽ መጥቷል!»

በሠርጉ ቀን ግራዝማች ከዘመድ አዝማዱ የመጣውን ሙክትና ማር ሁሉ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ ለሙሽሮቹም፣ መስጠት በደማቸው ባይኖርም እንደ ምንም ጨክነው፣ ያቺን ሁለተኛዋን ሳሙና ሰጧቸው።