ከዳር የቆረሱት ኃላፊ

እንሰት በሚበላበት አገር፣ ከብየዳዋ እሳት ይልቅ ምላሷ የሚፋጅ አንዲት በያጅ ነበረች። ይህች ሴት ሙያ ከምታስተምራቸው ወጣቶች ጋር በብየዳ ቤቷ እንሰት የሚፍቅ መኪና ፈልስፋ ብትሠራ አገሬው “ጎሽ!” አላት፤ ወሬው ግን አገሬውን አልፎ ዋናው ከተማ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ምንውየለት የሚባሉ ትልቅ ኃላፊ ከተፍ አሉና “እንዲህ ያለ ፈጠራ ዳር አገር አይቀርም። ብየዳ ቤቱ ከነወጣቶቹ ዋናው ከተማ ወዳለው የእድገት ማዕከል ይዛወራል” አሉ። ሴትዮዋ ፊቷን ስታጠቁር አይተዋልና፣ የአገሬው ሽማግሌዎች ባሉበት ለክብራቸው ምሳ ሲቀርብ ከጎናቸው አስቀመጧት።

“እስኪ ንገሪኝ፣” አሏት ኃላፊው፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ “ወጥ የሚፈሰው እንጀራው መሃል ነው ወይስ ዳሩ ላይ?”

“መሃል ነዋ፣ ጌታዬ።”

“አየሽ! እድገትም መሃል ፈስሶ ነው እያደር ዳሩን የሚያርሰው። በይ አሁን ‘ተስማምቻለሁ’ በይና ሰው ይስማሽ!”

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እሷ ግን ዓይኗ ትሪው ላይ ነበር። በኃላፊው በኩል ያለው የእንጀራ ዳር ተቆርሶ ተቆርሶ ትሪው ብቅ ብሏል፤ እጃቸውም ወደ እሷ በኩል እየተዘረጋ ነው።

“ልክ ብለዋል፣ ወጡ መሃል ነው” አለች። “ሲቆረስ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ዳሩ ነው። ይኸው ወጡ ሳይደርሰው በእርስዎ በኩል ያለው አለቀና ወደ እኔ መጡ። በእኛ አገር ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ‘ከፊትህ ብላ’ እየተባለ ነው የሚያድገው።”