የሚንኳኳው ክንድ

ከተማይቱን ስሟን ባልጠራ አትቀየመኝም፤ መስጂዷ ያረጀ፣ ጉሟ ከቀትር በኋላ ወርዶ ሰውን ከሰው የሚሰውር ነበረች። እዚያ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ ሷሊሕ፣ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ከመቃብሩ አጥር ጎን የብየዳ ጋራዥ ነበራቸው። የከባድ ማሽን ስብራት እንደሳቸው የሚጠግን በአካባቢው አልነበረም። ሻፊ የተባለ ጎልማሳም ሙያውን ሊቀስም ከሳቸው ዘንድ ገብቷል፤ ምርቃታቸውን ሳይቀበል የራሱን ጋራዥ አይከፍትም።

አንድ ቀን ክንዱ የተሰነጠቀ ኤክስካቫተር መጣላቸው። በማግስቱ ደለል የዋጠውን ምንጭ ሊጠርግ፣ ሰዎችም ከክንዱ ሥር ቆመው ሊሠሩ ነው። ወፍራም ብረት ከመበየዱ በፊት በደንብ መሞቅ አለበት፤ ያለዚያ ሲቀዘቅዝ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ይህን ለሻፊ ያስተማሩት ራሳቸው ሼሁ ናቸው።

ሻፊ ብረቱን በእሳት እያሞቀ ሳለ የዐስር ሶላት ተቃረበ። ሼሁ የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ አነሱ።

«ሼሃችን፣ ገና አልሞቀም እኮ» አለ ሻፊ።

«የጀማዓው ሶላት ያመልጠናል።»

ሻፊ እሳቱን አጠፋ። ሼሁ በየዱት፤ ሶላታቸውንም ከፊተኛው ሶፍ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ደረሱ።

ሲመለሱ ጉሙ ጋራዡን ሞልቶታል። የማሽኑ ሞተር ጠፍቷል፤ ቁልፉም በኦፕሬተሩ በጡሃ ኪስ ነው። ከጉሙ ውስጥ ግን አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ቀጭ። ማንም አልነካውም። ክንዱ የተዘረጋው ወደ መቃብሩ ነበር።

«አዑዙ ቢላህ!» አለ ጡሃ። «ባለፈው ሰሞን መንገድ ስጠርግ የጥንት ቀብር ነክቻለሁ። ሙታኑ ተከትለውኝ መጡ!»

ከመስጂድ የወጣው ሰው ተሰበሰበ፤ ደፍሮ የቀረበ ግን የለም። አንዱ ጂን ነው አለ፤ ሌላው አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመረ። «ሼሃችን፣ ቁርኣን ይቅሩበትና ጂኑ ይልቀቀው» ብለው ለመኑ። እኔ በቦታቸው ብሆን፣ አላህ ይጠብቀኝና፣ የምቀራ ይመስለኛል። ጥፋትን በጂን ማላከክን የመሰለ ቀላል ነገር ምን አለ? የብረቱን ነገር የሚያውቅ ሻፊ ብቻ ነው። እሱም ተጨንቋል፤ ሼሁን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ነገ ሰው ያስገድላል።

ሼሁ ብቻቸውን ወደ ጉሙ ገብተው ጆሯቸውን በክንዱ ላይ አሳረፉ። ቀጭ አለ፣ ልክ ከጉንጫቸው ሥር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሙታኑን ተዉአቸው» አሉ። «የሚንኳኳው የኔ ብየዳ ነው፤ እየተሰነጠቀ ነው። ሻፊ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ጡሃ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ብየዳውን ቆርጠው ሲከፍቱት ስንጥቁ ከውስጥ ዘልቋል፤ ክንዱ በላይኛው ስስ ብረት ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ጡሃ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሼሁ የብየዳ ጭምብላቸውን አውልቀው ለሻፊ አጠለቁለት።

«አሙቀህ በይደው። ዛሬ ደረሳው፣ ተማሪው፣ እኔ ነኝ» አሉና እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

ሻፊ በየደው፤ ብረቱም ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ። ሰዉ እስኪመሽ ቆሞ አዳመጠ። ምንም አልተሰማም።

ኋላ ላይ ጡሃ፣ «ሼሃችን፣ ጂን አይፈሩም እንዴ?» አላቸው።

«ጂኑንስ አልፈራም» አሉ። «የምፈራው ጥፋቴን የምጭንበት ጂን ያገኘሁ ዕለት ነው።»

ወንድሞቼ፣ ቁርኣን ፈውስ ነው፤ ሶላትም የዲናችን ምሰሶ ነው። ግን ሼሁን ያሳሳታቸው ወደ ሶላት መቸኮላቸው መሆኑን ሳስብ ያስፈራኛል። አማናን፣ የሰውን አደራ፣ ረግጠው የደረሱበት ሶፍ እንዴት ያለ ሶፍ ነው? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጸጥ ብላችሁ አዳምጡ። የሚንኳኳ ነገር ካለ፣ ከመቅራታችሁ በፊት ምን በየዳችሁ እንደነበር አስታውሱ።