ጉማሬና የሣር ገመዱ

«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» በሉኝ፤ ከሐይቁ ዳርም ጠጋ በሉልኝ።

ጉማሬ የኑግ ዘይት በእንስራ እየጫነ ሐይቁን ያሻግር ነበር። ዘይት የነካው ላባ መንሳፈፍ አይችልምና፣ ንጉሥ አንበሳ «ዘይት የሚጭን ሁሉ፣ ቢደፋበት ዙሪያውን የሚከብበት የሣር ገመድ ይያዝ» ብሎ አዘዘ። ይህን እንዲቆጣጠርም ኤሊን ሾመ።

አንድ ጠዋት ጉማሬ ስድስት እንስራ ጭኖ መጣ።

«ገመዱን አሳየኝ» አለው ኤሊ።

«አባ ኤሊ፣ ትናንት ለክተህ ‹ደግ ነው› ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«ትናንትማ ብያለሁ። ለመሆኑ እራትህ ምን ነበር?»

በጉማሬ ጥርስ መሀል የገመድ ጭራ ተንጠልጥሏል።

ከጫጩቶቿ ጋር የምትዋኘው ዳክዬ ይህን አይታ «ኧረ ጋሼ ጉማሬ! የልጆቼን ነፍስ እኮ ነው የበላኸው!» አለች።

«ምን ላድርግ፣ ሣር ነው» አለ ጉማሬ አንገቱን ደፍቶ።

ኤሊ ሸክሙን አስወረደው። ጉማሬም እያጉረመረመ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲገምድ ዋለ። ገመዱ ሲያልቅ ኤሊ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሬት ውሃ ቀባውና «ነገ ትሻገራለህ» አለው።

በማግስቱ ሐይቁ መሀል ሲደርስ ማዕበል መታው፤ አንድ እንስራ ወድቆ ተሰበረ። ጉማሬ ገመዱን በአፉ ይዞ የፈሰሰውን ዘይት ከበበው። ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ከገመዱ ወዲያ በንጹሕ ውሃ አለፈች።

«ጋሼ፣ ገመዱ ዛሬስ እንዴት ነው?»

«ይመራል» አለ ጉማሬ ጥርሱን ሳይከፍት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውንም ለዳክዬዋ ቁረሱ።